«ለጉብኝት» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ

ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ፋሲል ግቢን አይቶ አይጠግብም። የሱዳን ጠረፍ ላይ ያለችውን መተማን ግን ስንቶቻችን አየናት? አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች፣ ማለትም ከሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች፣ ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያ ነው። ለዘመቻው ካነሳሷቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ የእኛው ከተማ ጉዳት ነው። በጥር 1880 ደርቡሾች ጎንደር ገብተው ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት አንዱ ነው። ንጉሡ በዓመቱ ወደ መተማ ወረዱ።

እኔም ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ለመሄድ ቆረጥኩ። ጠረፍ ስለሆነ መታወቂያ ብቻ ይዘህ እንዳትሄድ፣ ደብዳቤ አጽፍ ብለው መከሩኝ። ቢሮ ሄድኩ።

«ለንግድ ነው ወንድሜ?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«አይደለም።»

«ለሰሊጥ ሥራ? ዘመድ ጥየቃ?»

«ንጉሡ የወደቁበትን ቦታ ለማየት ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። አለቃዋን ጠይቃ ስትመለስ «አሳማኝ ምክንያት ይሁን ተብሏል» አለች። ያን ጊዜ ከፋኝ። ደብዳቤ መጠየቁ አይደለም። ድንበር ነው፤ ገቢ ወጪው መታወቅ አለበት። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ እንኳ ስንት ሺህ ሰው ነፍሱን ለማዳን በመተማ በኩል ገብቷል። የከፋኝ፣ ታሪክ ማየት ከምክንያት አለመቆጠሩ ነው። በማግስቱ «ለጉብኝት» ተብሎ ተጻፈልኝ፤ ክብ ማኅተም አረፈበት።

ሚኒባሱ ሰሊጥ ለማጨድ በሚወርዱ ወጣቶች ተሞልቷል። ማጭዳቸውን በጆንያ ጠቅልለው በጉልበታቸው መሃል ይዘውታል። አዘዞን፣ አይከልን አልፈን ቁልቁሉን ስንያያዘው ጃኬት ማውለቅ ተጀመረ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ መተማ 700 ገደማ። ኬላ ላይ ወታደሩ ደብዳቤዬን ሁለቴ አነበበው። «ጉብኝት? እዚህ?» አለ። ነገርኩት። «ለዚህ ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝና ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝ።

መተማ ዮሐንስ። የንጉሡ ስም በየሱቁ ታፔላ ላይ አለ። ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ናት፤ እዚያ ለመሻገር ፓስፖርትና ቪዛ ይጠይቃል። እኔ ከዚህኛው ወገን ቆሜ ቀረሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። መጋቢት 1 ቀን 1881 የኢትዮጵያ ጦር የደርቡሾችን የእሾህ አጥር ጥሶ ገብቶ ነበር። ድሉ ተቃርቧል ሲባል ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ ጦሩም ተፈታ። በኋላ አስከሬናቸው በደርቡሾች እጅ ወደቀ። አንገታቸው ተቆርጦ የደርቡሾች መዲና ኦምዱርማን ድረስ ተወሰደ። ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ሙቀቱን ግን አላነበብኩትም። ጥቅምት እንዲህ ካቃጠለኝ፣ በመጋቢት ሐሩር ከደጋ የወረደው እግረኛ ምን ሆኖ ይሆን? ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ፣ ውኃው በሩቅ፣ ፊት ለፊቱ እሾህና ተኩስ። ልጆቻችን ይህንን በቦታው ቆመው ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ከተመለስኩ በኋላ የሰፈራችንን የታሪክ መምህር አነጋገርኩ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለመጋቢት 1 ተማሪዎች ይዘን እንወርዳለን። ቢሮው የስም ዝርዝር፣ የወላጆች ፈቃድና የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ጠይቆናል። መምህሩ ዝርዝሩን ጀምሯል፤ እኔ ደግሞ መኪና እያፈላለግሁ ነው።