«ቀስ በል» የሚለው ምክር ስዊንጌን እንዴት እንዳበላሸው

ጎልፍ ስጫወት ባክስዊንግ (ክለቡን፣ ማለትም መምቻ ዱላውን፣ ወደ ላይ ማውጣት) አልቆ ዳውንስዊንግ (ወደ ኳሷ ማውረድ) የሚጀምርባትን ቅጽበት ለማስተካከል ሙሉ በጋ ፈጅቶብኛል። ግማሹ የባከነው በአንድ ምክር ነው፦ «ቀስ በል»። ከፍዬ የተማርኩት አሠልጣኝም፣ ሬንጅ (የመለማመጃ ሜዳ) ላይ አጠገቤ የሚቆመውም ሰው የሚለኝ ይህንኑ ነበር። አሁንም ያናድደኛል፤ አምስት ደቂቃ በስልክ ካሜራ ቢለካ ኖሮ ችግሩ ሌላ መሆኑ ይታይ ነበር። የምጽፈው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው፤ ግራኞች ገልብጣችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ለኩ። ስልኩን በሴኮንድ 240 ምስል በሚያነሳው ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ ከፊት ለፊታችሁ፣ በእጃችሁ ቁመት፣ 3 ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ክለቡ ከኳሷ ከተነሳበት ምስል አቅጣጫ እስከሚቀይርበት ቁጠሩ፤ ከዚያም ኳሷን እስከሚመታበት። ጥሩ ፕሮፌሽናሎች ጋ የመጀመሪያው ቁጥር የሁለተኛው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ለምሳሌ 192 ለ64። በሴኮንድ ሲሰላ 0.8 ወደ ላይ፣ 0.27 ወደ ታች ማለት ነው። የእኔ 260 ለ66 ወጣ። አወራረዱ ደህና ነበር፤ የተበላሸው አወጣጡ ነው። ክለቡ እየተንቀራፈፈ ሲወጣ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። የቆመውን ክለብ እንደገና ለማስነሳት የሚቸኩሉት ደግሞ እጆች ናቸው። እጅ ቀድሞ ሲነጥቅ የአንጓው እጥፋት ገና ከላይ ይፈታና ክለቡ ከኳሷ ኋላ መሬት ይመታል።

ጃፓናዊው ፕሮፌሽናል ማትሱያማ ላይ ደርሶ ቆም ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ማስተርስ የተባለውን ትልቅ ውድድር ያሸነፈውም በዚሁ ስዊንግ ነው። ግን ያ የዓመታት ልምምድ ያለበት ሰው ነው፤ ለጀማሪ ማቆምን አታስተምሩ። እኔን ያስተካከለኝ በደቂቃ 225 ምት ላይ የተደረገ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ነው፦ በመጀመሪያው ምት ክለቡ ይነሳል፣ በአራተኛው ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ በአምስተኛው ኳሷን ያገኛል። ይህ በሁለት ሳምንት አለቀ።

ያንገበገበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ታዋቂው ጎልፈኛ ቤን ሆጋን እ.ኤ.አ. በ1957 ዳውንስዊንግን የሚያስጀምረው ዳሌ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ሁሉም ይህንኑ ይደግማል። እኔም ዳሌዬን ባለ በሌለ ኃይሌ አዞርኩት። ኳሷ ወደ ግራ ትነሳና አየር ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ድፍን ስላይስ። ሆጋን ራሱ ክብደቱ ወደ ግራ እግር እንዲሻገር ጠይቋል፤ አፍ ለአፍ ሲተላለፍ የቀረው ግን «ዳሌህን አዙር» የሚለው ብቻ ነው። ክብደት ቀኝ እግር ላይ እንዳለ ዳሌ ከዞረ ቀኝ ትከሻን ይዞት ወደ ኳሷ ይወጣል። ያኔ ክለቡ ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ እጅ የሚያድነው ነገር የለም። ይህን ሳልረዳ ስንት ባልዲ ኳስ እንደጨረስኩ ሳስብ ይቆጨኛል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ክለቡ ወደ ላይ እየሄደ፣ ግራ ክንድ ከመሬት ጋር ትይዩ ሲሆን፣ ጫናው ወደ ግራ እግር መመለስ ይጀምራል። እጅ ገና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እግር ወደ ፊት ጀምሯል። መጀመሪያ መጫን፣ ከዚያ ዳሌ መዞር፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ክንድ፣ መጨረሻ ክለብ። ጀርባችሁ ለኢላማው ትንሽ ይቆይ።

ጊዜው የገባኝ በባዶ ሃይላንድ ነው። ግማሽ ሊትሯን ክዳኗን ከፍታችሁ በግማሽ ጨፍልቁና ግራ ተረከዛችሁ ሥር አግድም አስተኟት። ያለ ኳስ፣ በዝግታ ክለቡን አውጡ፤ ተረከዙ ይነሳ። «ቋ» የሚለው ድምፅ እጆቻችሁ መውረድ ሳይጀምሩ መሰማት አለበት። እኔ ስጀምር ድምፁ የሚመጣው እጄ ወገቤ ጋ ከደረሰ በኋላ ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ይበቃል። ተረከዝ አይነሳም የሚሏችሁን አትስሙ፤ ታላቁ ጎልፈኛ ጃክ ኒክላውስ ያነሳ ነበር፣ ሲወርድም ተረከዙን መልሶ በመትከል ነበር የሚጀምረው። ዳሌው ለጠጠረ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ቀጥሎ በ7 አይረን (መካከለኛ የብረት ክለብ) እና ዝቅ ባለ ቲ (ኳስ ማስቀመጫ እንጨት)፣ በግማሽ ኃይል፦ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁሙ፣ ክለቡ እየወጣ ሳለ ግራ እግራችሁን ወደ ቦታው ተራመዱ፣ ከዚያ ምቱ። ሃያ ኳስ።

እዚህ የሚበላሸው ጭንቅላት ነው። ከእግሩ ጋር ወደ ፊት ከሄደ ክለቡ ቀጥ ብሎ ወርዶ መሬት ይቆፍራል፤ ጫናው ይሻገር፣ ጭንቅላት ኳሷ ኋላ ይቅር። ሁለተኛው ግሪፕ (የእጅ አጨባበጥ) ነው፦ ከአሥር አራት ያህል ጨብጣችሁ ጀምራችሁ ላይ ስትደርሱ ሰባት ከሆነ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

የሬንጅ ምንጣፍ አትመኑ። ከኳሷ ኋላ የመታ ክለብ ነጥሮ ኳሷን ያገኛታል፣ ደህና የመታችሁ ይመስላችኋል። ከኳሷ 10 ሴንቲ ሜትር ኋላ ፎጣ አጥፋችሁ አስቀምጡ፤ ክለቡ ከነካው እጅ ቀድሟል። ሳር ላይ ከሆናችሁ በኖራ መስመር አስምራችሁ ኳሷን በላዩ አስቀምጡ፤ የሚቆረጠው ሳር ከመስመሩ በኢላማው በኩል መሆን አለበት። በተከታታይ አሥር ጊዜ እንዲህ እስክትቆርጡ ድራይቨሩን (ረጅሙን ክለብ) ከቦርሳው አታውጡ።