ሰባተኛው መጽሐፍ ሐረጎን ሲወርድ

የመጀመሪያው ስህተቴ ኮከብ መጠየቄ ነበር።

"ከ5 ስንት ትሰጡታላችሁ?" አልኳቸው። አምስት ሰዎች አንብበው መለሱልኝ። አራቱ "4" አሉ። አንዱ "4.5"። አለቀ። ወሎ ተወልጄ አድጌ ይህን አለመጠርጠሬ እስካሁን ያስቀኛል። መጽሐፉ የኔ ነው። ያዋስኩትም እኔ ነኝ። ያዋሰው ሰው ፊት ቁጭ ብሎ "ይሄ ነገርሽ ደብሮኛል" የሚል ደሴ ውስጥ አይገኝም። ሰው ቤት ቡና ጠጥቶ "ቀጥኗል" እንደማለት ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ።

ያ እየተዋዋስን የምናነበው ተከታታይ ልብወለድ ስድስተኛው ቅጽ ነበር። ስለ ሰባተኛው ግን እውነቱን ማወቅ ፈለግኩ። እኔ ራሴ ጠልቼዋለሁ። ለምን እንደጠላሁት ግን አላወቅኩም።

ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ኮፒ ቤት አለችኝ። ፎቶ ኮፒ፣ ታይፕ፣ ላሚኔሽን፣ የሰርግ ካርድ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አነባለሁ። ደንበኛ ሲገባ መጽሐፉን ደፍቼ አስቀምጣለሁ። "ምንድነው የምታነቢው?" ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ በአንድ ተሰባሰብን። የምናነበው "ዘ ኤክስፓንስ" የሚባለውን ተከታታይ ልብወለድ ነው። ጸሐፊው ተብሎ ሽፋኑ ላይ የሰፈረው ጄምስ ኤስ. ኤ. ኮሪ የብዕር ስም ነው። ከጀርባው ዳንኤል አብርሃምና ታይ ፍራንክ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አሉ። (ዳንኤል አብርሃም ሲባል የሆጤ ልጅ ይመስላል። አይደለም።) ተከታታዩ ዘጠኝ ቅጽ አለው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፣ የመጨረሻው በ2021።

ዘውጉ ስፔስ ኦፔራ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጣው ዊልሰን ታከር የሚባል ጸሐፊ ሲሆን፣ ያወጣውም ለስድብ ነበር። ተራና አሰልቺ የጠፈር ታሪክ ለማለት ነው። ስድቡ ተረሳ፣ ስሙ ቀረ።

ላላነበበ በአጭሩ ልንገር። የሰው ልጅ ከምድር ወጥቶ በፕላኔቶቹ መሀል ተበትኗል። ምድር፣ ማርስና በአስትሮይድ ቀበቶ የሚኖሩት ቤልተሮች ይናቆራሉ። ከዚያ ከ1,300 በላይ ወደሆኑ የሌሎች ፀሐዮች ዓለማት የሚያሻግሩ በሮች ይከፈታሉ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሀል ሮሲናንቴ የምትባል አንዲት መርከብና ጥቂት ሠራተኞቿ አሉ። ካፒቴኑ ሆልደን ቡና ካልጠጣ ነገር አይሆንለትም። ለወሎ አንባቢ ይህ ብቻ ይበቃል።

ሰባተኛው ቅጽ "ፐርሴፖሊስ ራይዚንግ" ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ነው። ገና ሲነሳ 30 ዓመት ይዘላል። ስድስተኛውን ዘግተህ ይህን ስትከፍት ጀግኖችህ ሸብተዋል። መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል። ሆልደንና ፍቅረኛው ናኦሚ ጡረታ ሊወጡ ነው። በዚያ ላይ ለሠላሳ ዓመት ድምፁ ጠፍቶ የነበረው ላኮኒያ የሚባል ግዛት በድንገት በሩን ከፍቶ ይወጣና ሁሉንም ልግዛ ይላል። እኔ ሃምሳ ገጽ ሳልደርስ ነው የተናደድኩት።

እና ምን አደረግኩ? ኮፒ ቤት ውስጥ ከሰርግ ካርድ የሚተርፍ ባለቀለም ብጣሽ ወረቀት ሞልቷል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቆራርጬ በፖስታ ውስጥ ከመጽሐፉ ጋር ሰጠኋቸው። ስልችት ብሎህ ካስቀመጥከው ቢጫ ሰክተህ ዝጋው። ከተናደድክ ቀይ። እንቅልፍ ከነሳህ አረንጓዴ። አስተያየት አልፈልግም አልኩ።

"ባንዲራ ልታሰቅይን ነው?" አሉኝ ከአንባቢዎቹ አንዱ፣ አስተማሪው።

ግን ሠራ። ሰው "ጥሩ ነው" ብሎ መጽሐፉን ይመልስልሃል፣ ብጣሹ ወረቀት ግን ይሉኝታ የለውም። ስድስተኛውን "4.5" ያለው ጎረቤቴ፣ ሞባይል የሚጠግነው ልጅ፣ ሰባተኛውን ሲመልስ ገጽ 60 አካባቢ አንድ ቢጫ ተሰክቷል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። "ደስ ይላል ባክሽ" አለኝ። ወረቀቱን አሳየሁት። ሳቀ። ስድስተኛውንም እንዳልጨረሰው የነገረኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛውን ስህተት እዚህ ላይ ሠራሁ። መጀመሪያ ያነበበችው ነርሷ ጓደኛዬ ነበረች፣ የሌሊት ተራ ሲደርሳት። ስትመልስልኝ ብጣሾቹን ሳላወጣ በቀጥታ ለአስተማሪው ሰጠሁ። እሳቸው የሰኩበትን ሳይ፣ እሷ አረንጓዴ ካደረገችበት ሁሉ ጎን አረንጓዴ አለ። ሰው ያጨበጨበበት ቦታ ሲደርሱ ለካ እጃቸው አብሮ ይሄዳል። የእሳቸውን ቆጠራ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ሲመለስ የገጹን ቁጥር ደብተር ላይ እመዘግባለሁ፣ ብጣሾቹን ለቅሜ አወጣለሁ፣ ከዚያ ነው ለሚቀጥለው የምሰጠው።

ሦስተኛው ስህተት አይደለም፣ አደጋ ነው። ስድስተኛው አንባቢያችን ኮምቦልቻ የሚማር የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ሐረጎ አለ። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሰህ ትነሳለህ፣ በጠመዝማዛው ስትወርድ ጆሮህ ይደፈናል፣ ታች ስትደርስ ጃኬትህን ክንድህ ላይ ታደርጋለህ። መጽሐፉን በማውቀው ሾፌር ላክሁት። ሾፌሩ ረሳው። አራት ቀን ከወንበር ስር ከሰው ሽንኩርት ጋር ደሴና ኮምቦልቻ ሲመላለስ ሰነበተ። አሁንም ሲገለጥ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ተማሪው መጽሐፎቹን አላነበበም። የመጣው በቴሌቪዥኑ ነው። ተከታታይ ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022 ስድስት ሲዝን ታይቶ፣ ስድስተኛው ቅጽ አካባቢ ሲደርስ አበቃ። ስለዚህ ሰባተኛው በስክሪን ያልታየ የመጀመሪያው ታሪክ ነው። ልጁ "የቀረውን ልወቅ" ብሎ በቀጥታ እዚህ ገባ። መጀመሪያ የደወለልኝ በድንጋጤ ነው። "አሌክስ አልሞተም እንዴ?" በድራማው አምስተኛ ሲዝን አብራሪው አሌክስ ይሞታል። በመጽሐፉ ግን ሸምግሎ ቁጭ ብሏል።

የሱን ብጣሾች ከሌሎቹ ጋር ሳስተያይ ግራ ገባኝ። ድራመር የምትባለው ሴት ያለችበት ምዕራፍ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሌሎቻችን እዚያው ቢጫ ነን። ነገሩ በኋላ ገባኝ። በድራማው ድራመር ትልቅ ሰው ናት። የሌሎች ገጸ ባሕርያትን ሥራ ሁሉ ጠቅልለው ለሷ ሰጥተዋታል። በመጽሐፎቹ ግን እስከ ስድስተኛው ድረስ ብዙም የማትታይ ሰው ነበረች፣ በሰባተኛው ድንገት በበሮቹ የሚያልፈውን ጉዞ የሚቆጣጠረው የትራንስፖርት ዩኒየን ፕሬዚዳንት ሆና ብቅ ትላለች። እኛ "ይቺ ደግሞ ማን ነበረች?" ስንል እሱ የቆየች ወዳጁን አገኘ። መጽሐፉ አንድ ነው፣ የገባንበት በር ግን ሁለት። ከዚህ በኋላ አስተያየት ስሰበስብ የመጀመሪያው ጥያቄዬ "በየት ነው የመጣኸው?" ነው።

አስተማሪው ስለ ርዕሱ አርባ ደቂቃ ነገሩን። ፐርሴፖሊስ የፋርሶች ከተማ ነበረች፣ እስክንድር አቃጠላት፣ ላኮኒያም የስፓርታ አገር ናት። ቡናው ቀዘቀዘ።

ቡናውን ካነሳሁ አይቀር ላውራው። መጽሐፉ ሁሉም ጋ ከደረሰ በኋላ ቤቴ ጠራኋቸው። ችግሩ ሁለት ሰዎች አልጨረሱም ነበር፣ ስፖይል ማድረግ ደግሞ ያጣላል። (ከዚያ በፊት አንዴ ለተማሪው የአንዷን ሞት አምልጦኝ ነግሬው ሁለት ሳምንት አኩርፎኛል።) ስለዚህ በስኒ ከፋፈልነው። አቦል ላይ ስለ መጀመሪያው ብቻ ይወራል። ቶና ላይ እስከ መካከሉ። በረካ ላይ መጨረሻው ይፈታል፣ ያልጨረሰ ይወጣል። ጥሩ መላ መስሎኝ ነበር። ሞባይል ጠጋኙ ግን "በረካ ሳልጠጣ ልታስወጪኝ?" ብሎ ተቆጣ። እውነቱን ነው። የበረካ ስኒውን በረንዳ ላይ አውጥቼ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ በመስኮት ሲያዳምጥ ያዝነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከአንባቢዎቻችን አንዱ ጡረታ የወጡ ባሕረኛ ናቸው። የደሴ ሰው ባሕረኛ መሆኑ አይግረማችሁ። አሰብ ድሮ ለወሎ ሰው ሩቅ አገር አልነበረም፣ መንገዱ በኮምቦልቻ በኩል ቁልቁል ነው። ጋሼ የመርከብ ሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። እንግሊዝኛውን የለመዱት ከሞተር ማኑዋልና ከመርከብ ላይ ልብወለድ ነው። የሠላሳ ዓመቱ ዝላይ ላይ ቀይ ይሰካሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ምንም የለም። ቀያቸው አንዲት ብቻ ናት። እሷም ሠራተኞቹ መርከቧ ውስጥ ጠረጴዛ ከበው እንደ ድሮው የሚቀላለዱበት ገጽ ላይ።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን አናደደዎት?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ እኛ ዘጠኝ ወር አብረን ስንሄድ የአንዱ ሳል ሌላውን ያሳብደው ነበር" አሉኝ። "እነዚህ ሠላሳ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ በልተው አንድ የተኮራረፈ የለም? አንድ ቂም የለም? ፀጉራቸውን ነጭ ቀቡት እንጂ አላስረጇቸውም።"

ዝም አልኩ። ወራት ሙሉ ሲከነክነኝ የነበረው ይህ ነው። ዝላዩን የጠላሁት መስሎኝ ነበር። ዝላዩ ግን ልክ ነው። ግዛት በአንድ ጀምበር አይሠራም፣ ላኮኒያ ያን ዓመታት ትፈልጋለች። የጎደለው በመሀል ያለፈው ኑሮ ነው። ጉልበታቸው አርጅቷል፣ ጨዋታቸው ግን ስድስተኛው ቅጽ ላይ ቆሟል። አንዷ ብቻ ናት እውነት ያረጀችው፣ ክላሪሳ። (ያላነበበ ይህን አንቀጽ እዚህ ላይ ይተው።) በሦስተኛው ቅጽ ነፍሰ ገዳይ ሆና የመጣች ልጅ፣ አሁን ሰውነቷ ውስጥ ያስቀበረችው መሣሪያ ቀስ እያለ እየገደላት ሞተር ትጠግናለች። ናኦሚን አድና ስትሞት ከሁሉም ሰው አረንጓዴ አገኘች። ከጋሼም ጭምር። ሞተር የምትጠግን ስለሆነች ይሆናል፣ አላውቅም።

ሌላው ጉዳይ ሲንግ ነው። ሲንግ የላኮኒያ ወጣት መኮንን ነው። ሜዲና የምትባለው የጠፈር ጣቢያ ስትያዝ ገዥ አድርገው ይሾሙታል። ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይወዳል። ሊገድሉት ሲሞክሩ ይደነግጣል፣ ከደነገጠ በኋላ ይከፋል። እኔ በሱ ምዕራፎች ላይ ሦስት ቢጫ ነበረኝ። ባንክ የምትሠራው ጓደኛዬም እንደዚሁ። ነርሷ አምስት አረንጓዴ።

ለምን? ስንላት ስኒዋን አስቀመጠች። "እናንተ ወጥታችሁ ነበር" አለች።

እውነት ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴ ስትያዝ እኔ ሸሽቼ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነበርኩ። የባንኳም ጓደኛዬ ወጥታለች። ነርሷ ቀረች። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ስልኳ አይሠራም ነበር። የተከታታዩ የመጨረሻው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2021 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ኅዳር 21። ያን ቀን "ወጣ!" ብዬ ልነግራት ስሞክር ቁጥሯ አይጠራም። መጽሐፍ ለመናገር መደወሌ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በሕይወት መኖሯንም አላውቅም ነበር እኮ።

"ሲንግ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው" አለች። "ማታ ልጁን ያጫውታል፣ ጠዋት ይፈርማል። የፈራ ሰው መሣሪያ ሲይዝ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ጸሐፊዎቹ የት እንዳዩት አላውቅም።"

ማንም አልመለሰላትም። ባንክ የምትሠራው ጓደኛዬ ተነስታ ከሰል ጨመረች። በመስኮት የሚያዳምጠው ልጅም ፀጥ አለ።

በማግስቱ የሲንግን ምዕራፎች እንደገና አነበብኳቸው። አሁንም አንዱ ይረዝማል እላለሁ። ሁለቱን ቢጫዎች ግን አወጣኋቸው።

ደብተሬ ላይ የስድስቱ ሰዎች የገጽ ቁጥር ተጽፏል። አማካይ ላወጣለት ሞክሬ ነበር። ተውኩት። የተማሪውን አረንጓዴና የኔን ቢጫ ደምረህ ለሁለት ብትከፍለው የማንም ያልሆነ ቀለም ነው የሚወጣው። ይልቅ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ነገር ጻፍኩ፣ በየት በኩል እንደመጡና እነዚያን ሳምንታት የት እንደነበሩ። ስምንተኛው ላይ ከመጀመሪያው ነው የምመዘግበው።

ስምንተኛው አሁን ኮምቦልቻ ተማሪው ጋ ነው፣ ፈተና ላይ ስለሆነ ዘግይቷል። ጋሼ በየሁለት ቀኑ በኮፒ ቤቷ በር ያልፋሉ። አይገቡም። በከዘራቸው ደፉን መታ መታ ያደርጉና "ልጄ፣ ያቺ መርከብ ሐረጎን አልወጣችም?" ይሉኛል።