«አፕዴቱን አጥፋልኝ»

ሰኔ 2017 ነበር፣ የፈተና ሰሞን። አንዲት መምህርት ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቃችን ገቡ። የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። ኅዳር ላይ ፎርማት ያደረግኩላቸውም እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ ፋይሎቼ አልከፈት አሉኝ» አሉ።

ከፈትኩት። የፈተና ወረቀቱ፣ የውጤት መዝገቡ፣ የቤተሰብ ፎቶው ሁሉ ስሙ መጨረሻ ላይ የማላውቃቸው ፊደላት ተለጥፈውበታል። በየፎልደሩ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። በዶላር ክፈሉ ይላል። ራንሰምዌር ነው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ። የወንድማቸው ልጅ በፍላሽ ያመጣውን ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) ፕሮግራም ጭኖላቸው ኖሯል።

መጀመሪያ በልጁ ፈረድኩ። ከዚያ የዊንዶውስን መከላከያ፣ ዲፌንደርን ከፈትኩ። የቫይረስ መረጃው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበት ቀን እዚያ ተጽፏል። የደረሰኝ ጥራዜን አውጥቼ አስተያየሁ። ቀኑ አንድ ነው። ኮምፒውተሩን ያስረከብኩበት ቀን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአስር ደንበኛ ዘጠኙ «አፕዴቱን አጥፋልኝ፣ ፓኬጄን በላው» ይለኛል። እውነት አላቸው። ብዙ ሰው ኔት የሚጠቀመው ከስልኩ ሆትስፖት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሆትስፖቱን እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ቆጥሮ ከጀርባ ያወርዳል። ለሳምንት የተገዛው ፓኬጅ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። እኔም ሰርቪሶች ውስጥ እገባና የዊንዶውስ አፕዴትን እዘጋው ነበር። የአስር ሰከንድ ሥራ ነው። ሰው አመስግኖኝ ይሄድ ነበር። አብሮ የዲፌንደር መረጃ እንደሚቋረጥ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ሲያስተጓጉል፣ ማይክሮሶፍት ማስተካከያ አፕዴቱን ከለቀቀ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ይህንን አውቃለሁ። ለሌሎችም አውርቼዋለሁ። የራሴን ሥራ ግን በዚያ ዓይን አላየሁትም።

ዲፌንደር ቢታደስ ኖሮ ያንን ፕሮግራም በእርግጥ ይይዘው ነበር ማለት አልችልም። ዕድሉ ግን ሰፊ ነበር። ያንን ዕድል የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ደረሰኙን እያሳየሁ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

«ታዲያ ሳታጠፋው ፓኬጁን ማትረፍ አይቻልም ነበር?»

ይቻል ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ይገባል፣ የሆትስፖቱ ስም ይጫናል፣ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለው ይበራል። በቃ። ዊንዶውስ ኔቱ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ያውቅና ትልልቆቹን አፕዴቶች በራሱ አያወርድም። የቫይረሱን መረጃ በየጊዜው በእጅ ማደስ ይገባል፣ ያ ብዙም አይበላም። ዋናውን የደኅንነት አፕዴት ማይክሮሶፍት የሚለቀው በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወስዶ ማስጨረስ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት እንዳትጀምሩት። መሃል ላይ ተቋርጦ አልነሳም ያለ ኮምፒውተር ብዙ አይቻለሁ።

ከፈተና ወረቀቶቹ አብዛኞቹን አገኘናቸው። ለማባዣ ቤቱ በቴሌግራም ልከዋቸው ስለነበር እዚያው ተቀምጠዋል። ፎቶዎቹ ግን ሌላ ቦታ አልነበሩም። የሟች ባለቤታቸው ፎቶዎችም እዚያ ውስጥ ነበሩ።

ቀጥሎ ምን እንጫን የሚለው መጣ። የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 ከሚባለው የደኅንነት ቺፕ ጋር ይፈልጋል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንደሚቆም ታውቆ ነበር። 11ን በጉልበት መጫን ይቻላል፣ ግን አፕዴቱ ለመቀጠሉ ዋስትና የለውም። ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር በእኚህ ሴት ላይ መሞከር አልፈለግኩም።

«ምን ምን ይሠሩበታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ይህን ጥያቄ ኅዳር ላይ አልጠየቅኩም ነበር። ፈተና መጻፍ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ። በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስ ሚንት 22ን ጫንኩላቸው። እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ የደኅንነት አፕዴት ያገኛል። አፕዴት ሲኖር ከታች ጥግ ላይ ምልክት ያሳያል፣ እሳቸው ሳይፈቅዱ አይጭንም፣ በራሱም ሪስታርት አያደርግም። ታይምሺፍት የሚባለውንም አስተካከልኩ። አፕዴት ቢያበላሸው ሲስተሙን ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ለፋይላቸው ደግሞ ለብቻው ፍላሽ ገዛን።

ያስቸገረን አማርኛው ነው። ጣታቸው የለመደው ፓወር ግዕዝን፣ የዊንዶውሱን የአማርኛ መጻፊያ ነው። የሚንቱ ኪቦርድም በድምፅ ነው የሚጻፈው፣ ግን ጥቂት ፊደላት ቦታቸው ይለያል። ሱቁ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ሙሉ ከሰዓት ተለማመዱ። ቦታቸው የተለየውን ፊደላት በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩላቸውና ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፉት። አንዳንድ የቆዩ ፈተናዎች ላይ ሠንጠረዡ ተዛንፎ መጣ፣ አንድ በአንድ አስተካከልናቸው።

ሚንት ለሁሉም ይሆናል አልልም። በዚያው ሳምንት በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ወጣት መጥቶ ነበር። እሱን ከዊንዶውስ አላላቀቅኩትም። ስምንተኛ ትውልድ ያገለገለ ላፕቶፕ እንዲፈልግ ነገርኩት።

አፕዴት የዘጋሁባቸውን ደንበኞች ከደረሰኝ ጥራዙ እየለቀምኩ ደወልኩላቸው። ግማሹ መጣ። ሌላው «እየሠራልኝ ነው፣ አትንካው» አለኝ። አሁንም አልፎ አልፎ እደውላለሁ።

የመምህርቷን አሮጌ ሀርድ ዲስክ አላጠፋሁትም። በኤስኤስዲ ቀየርኩላቸውና እሱን በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ኖ ሞር ራንሰም የሚባል፣ የአውሮፓ ፖሊስ የሚሳተፍበት ድረ ገጽ አለ፤ በራንሰምዌር ለተቆለፉ ፋይሎች የተገኙ መፍቻዎችን በነፃ ያወጣል። በየወሩ እገባና የእሳቸው ዓይነት መጥቶ እንደሆነ አያለሁ። እስካሁን አልመጣም።