ግራ እግር እና የጣርማ በር ቁልቁለት

እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለገጣፎን አለፍን። መሪውን የያዙት እትዬ 58 ዓመታቸው ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጡ አራት ወር ሞላቸው፤ ከከተማ ግን አንድም ቀን ነድተው ወጥተው አያውቁም። መድረሻችን ደብረ ሲና ነው፣ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል። መኪናዋ ባለ 1000 ሲሲ ማንዋል ቪትዝ ናት። እኔ አሠልጣኛቸው ከጎናቸው ተቀምጫለሁ።

በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዕድሜ መንዳት ለሚጀምር ሰው ይህን መንገድ የምመርጠው ትምህርቱን በቅደም ተከተል ስለሚሰጥ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር በአብዛኛው ሜዳ ነው፤ ዓይንና እጅ እዚያ ይፍታታሉ። ከዚያ ዳገቱ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጉሙ፣ ዋሻው፣ በመጨረሻም ቁልቁለቱ። እሑድ ጠዋት ደግሞ የጭነት መኪናው ይቀንሳል። በጊዜ መነሳት ያስፈለገው ሳይመሽ ለመመለስ ነው። ከፊት የሚመጣ መብራት በዕድሜ ለገፋ ዓይን ከባድ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማ የሚወጣ ሰው ይህንን መጨመር የለበትም።

ዋዜማውን ጎማዎቹን ሳይሞቁ 32 ፒኤስአይ አስነፋን፤ ስኮርታውንም (ተቀያሪውን ጎማ) ጭምር። የፍሬን ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆኑን፣ የፍሬን ሸራው አለማለቁን፣ የራዲያተሩን ውኃና የዝናብ መጥረጊያውን አየን። ክሪኩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መሥራቱንም እንይ ብዬ መኪናዋን አንድ ጊዜ አስነሳኋት። ፍርሃት ካለበት ሰው ጋር ይህ ሥራ ሌላም ጥቅም አለው። "ቢበላሽስ?" የሚለው ጥያቄ መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ መልስ ያገኛል።

አቀማመጡ ላይ ሩብ ሰዓት አጠፋን፤ የሚገባው ነው። ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም የግራው ፔዳል፣ እስከ ታች ሲረገጥ የግራ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ብሎ መቅረት አለበት። እግር ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ፔዳሉ የሚረገጠው በጣት ጫፍ ይሆንና ሲለቀቅ ይዘላል። ጀርባ ወንበሩን ሳይለቅ እጅ ሲዘረጋ የእጅ አንጓ የመሪው አናት ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ፈሪ ሰው ወንበሩን ወደ ፊት ይስባል፣ ደረቱን ወደ መሪው ያስጠጋል፤ ያኔ ክንድ ይታጠፍና ትከሻ ይደነድናል፣ 50 ኪሎ ሜትር ሳይሞላም አንገት መታመም ይጀምራል።

እትዬ የሚያደርጉት መነጽር ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለንባብ ነው። ስፖኪዮውን ሲያዩ አገጫቸውን ሳያንቀሳቅሱ ዓይናቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጉ ነበር። በንባቡ ክፍል የሚያዩት መኪና እየደበዘዘባቸው፣ ችግሩ ከስፖኪዮው ነው ብለው ወራት ሲያስተካክሉት ኖረዋል። አገጭን ዝቅ አድርጎ በላይኛው ክፍል ማየት በቂ ነበር። እንዲህ ዓይነት መነጽር ያለው ተማሪ ሲገጥመኝ ከመሪው በፊት የማስተካክለው ይህንን ነው።

እስከ ሰንዳፋ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል የዓይን ሥራ ነው። አዲስ ሹፌር ከኮፈኑ ፊት 20 ሜትር ላይ ያፈጣል። በ60 ፍጥነት መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ያ ሰው የሚያየው አንድ ሰከንድ ብቻ የቀረውን መንገድ ነው። ሁሉም ነገር የሚደርስበት በድንገት ነው። እጁም መሪውን ቀኝ ግራ ይለዋል፣ መኪናው ይዋልላል፣ መዋለሉ ደግሞ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። እትዬን "መንገዱ ከዓይን የሚጠፋበትን ቦታ ይመልከቱ" አልኳቸው። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ መሪው ረጋ። ጣቶቻቸውም ላላ አሉ፤ የጣቶቻቸው ቆዳ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ደሙ ሲመለስ አየሁት።

ከፊት ካለው መኪና የሚኖረው ርቀት በሜትር አይለካም፤ ማንም እየነዳ ሜትር አይለካም። የፊተኛው መኪና አንድ ዛፍ ሲያልፍ "ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት" ይባላል። ቆጠራው ሳያልቅ እኛ ዛፉ ጋ ከደረስን ቀርበናል ማለት ነው። በ80 ፍጥነት ሦስት ሰከንድ 66 ሜትር ያህል ነው። እትዬ ድምፅ አውጥተው ይቆጥሩ ነበር። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ ስለማይችል ይህን ልማድ እወደዋለሁ።

ከአለልቱ በፊት አንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ክላክሱን እየነፋ ቀደመን። የደነገጠ ሹፌር ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ እትዬም ሸሹ፣ የቀኙ ጎማም ከአስፋልቱ ወርዶ ጠጠሩን ነካ። አደጋው መውረዱ አይደለም፣ ቶሎ ለመውጣት መጣደፉ ነው። መሪ በኃይል ወደ ግራ ከተጠመዘዘ ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ድንገት ይዘልና መኪናው ወደ ተቃራኒው መስመር ይወረወራል። ነዳጅ መልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ፍጥነቱ ወደ 30 ሲወርድ ስፖኪዮ አይቶ በዝግታ መውጣት ነው። "ይያዙ፣ ይያዙ፣ አሁን ይውጡ" አልኩ፤ ወጡ። አህያና በግ መንገድ ሲያቋርጥ መታየት ያለበት ደግሞ የፊተኛው ሳይሆን የመጨረሻው ነው። ከመጨረሻው በግ ኋላ የሚሮጥ ልጅ አይጠፋም።

ሸኖ ላይ ቆምን። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተዋል። በየመሃሉ አሥር ደቂቃ ማረፍ ሳይደክሙም ግዴታ ነው፤ ድካም በዚህ ዕድሜ ቀድሞ የሚይዘው ዓይንን ነው። እትዬ የሸኖ ለጋ ቅቤ ገዝተው ኋላ ወንበር ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ ወደ ዕቃ መጫኛው አስወሰድኩት። ልቅ ዕቃ በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ይመጣል፤ ሹፌሩ ሊይዘው ሲዞር ነው መሪው የሚጠፋው።

ደብረ ብርሃን ብርዱ ጠበቀን። ሻይ ጠጣን፣ ጋቢ ተደረበ፣ ቀጠልን። ከዚህ በኋላ የሚጠየቀው ሞተሩን መስማት ነው። ዳገቱ የሚያልቅበት ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ትንሿ ቪትዝ እዚያ ስትደርስ ሲሶ ያህሉ የላትም። ብዙ ሰው መኪናው ሲዝል ነዳጅ እስከ ታች ይረግጣል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በጥድፊያ ማርሽ ይቀንስና መሃል ዳገት ላይ ይቆማል። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ፍጥነቱ ገና 50 ሳለ ወደ ሦስተኛ፣ 30 ሲቃረብ ወደ ሁለተኛ መውረድ ነው። ድምፁ ሲወፍር ማርሽ ቀንሱ ማለቱ ነው።

ከአንድ ኩርባ በፊት አስፋልቱ ላይ የተቆረጠ ቅጠል ተጥሏል። ቅጠል ያየ ሹፌር ከፊት የቆመ መኪና እንዳለ ያውቃል። እውነትም አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ ጎማው በድንጋይ ታኮ ተይዟል። ከኋላው ሰልፍ ነበር፤ እኛም ዳገት ላይ ቆምን። እትዬ ሁለት ጊዜ ለመነሳት ሞከሩ፣ ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፋ። ኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ሲያሰማ እግራቸው ከፍሪሲዮኑ ባንዴ እየዘለለ ነው።

"ልጄ፣ ወደ ኋላ ብሄድበትስ?" አሉ።

"የእጅ ፍሬኑ ተስቧል እትዬ፣ የትም አትሄድም። ጊዜው የእርስዎ ነው።"

የዳገት መነሻው ይኸው ነው። የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ አንደኛ ማርሽ ገብቶ፣ ነዳጅ ጥቂት ሰጥቶ ድምፁን አንድ ወጥ ማድረግ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያሉ መልቀቅ። ሊይዝ ሲል ድምፁ ይወፍራል፣ የመኪናው አፍንጫም ትንሽ ከፍ ይላል፤ ግራ እግር እዚያው ይቁም፣ ይቁጠር፣ አንድ፣ ሁለት። ነዳጅ ትንሽ ይጨመር፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። መኪናው ሁለት ሜትር እስኪሄድ ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ጨርሶ አይለቅም። በሦስተኛው ቪትዟ ሳትንሸራተት ወጣች። የታኮ ድንጋይ ተሳቢው ከሄደ በኋላም መንገድ ላይ ስለሚቀር፣ ስናልፍ ዓይናቸው ጎማው የሚሄድበት ላይ እንዲሆን ነገርኳቸው።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወረደ። በጉም ረጅም መብራት አይበራም፤ ጉሙ መልሶ ዓይን ውስጥ ይረጨዋል። አጭሩ ይብራ፣ የግራ ጠርዝ ሳይሆን የቀኝ ጠርዝ ይታይ፣ ፍጥነቱ በሚታየው ርቀት ግማሽ ውስጥ መቆም የሚያስችል ይሁን። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መሄድ የተለመደ ቢሆንም አልመክርም፤ መታጠፋችሁን የሚያሳይ ፍሬቻ አይቀርላችሁም። መስታወቱ ከውስጥ ላብ ሲያወጣ በእጅ ማበስ ያባብሰዋል። ኤሲውን ከሞቃት አየር ጋር ወደ መስታወቱ መላክ በአንድ ሁለት ደቂቃ ያጠራዋል።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጠባብ ነው፣ ውስጡ ይረጥባል። ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ለጥቂት ሰከንዶች በደንብ አያይም፣ በዕድሜ ደግሞ ይህ ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ዋሻው አፍ ላይ ሳይሆን ከ100 ሜትር በፊት ነው። የፀሐይ መነጽር ይወልቃል፣ መብራት ቀድሞ ይበራል። ከፊት ትልቅ መኪና ሲገባ መሃሉን ስለሚይዝ፣ መብራቱን ካያችሁ ከውጭ ቆሞ ማሳለፍ ይሻላል። እኛም አንድ ሲኖትራክ አሳለፍን፣ ከዚያ ገባን።

ከዋሻው እንደወጣን ምድሩ ይከፈታል፤ የደብረ ሲና ገደል ከታች ይታያል። ያን ሁሉ ጥልቀት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚንቀሳቀስበት ግራ እግሩ ነው። ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነበር። እትዬ ኩርባውን ሲያዩ ፍሬኑን በስሱ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች፣ አንድ ላይ ረገጡ። የመኪናዋ ፍጥነት በመቀነስ ፈንታ ጨመረ።

ይህ ስህተት በሚገባ መታወቅ አለበት። መኪና በማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ ሲለቀቅ ሞተሩ ጎማውን ይይዘዋል። ፍሪሲዮን ከተረገጠ ያ መያዣ ይቆረጣል፤ መኪናው በዜሮ ማርሽ እንደተለቀቀ ጋሪ ይሆናል፣ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በከተማ ሜዳ "ሲፈሩ ፍሪሲዮን ይርገጡ" የሚለው ልማድ ሞተር እንዳይጠፋ ይረዳል፤ እዚህ ገዳይ ነው። "ግራ እግር መሬት!" አልኩ ጮክ ብዬ። አወረዱት። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ቪትዟም እንደተያዘች ተሰማቸው። "ያዘችኝ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ቀላል ነበር። ቁልቁለቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱት። ፍጥነቱ 40 ሲያልፍ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ሦስት አራት ሰከንድ ረግጦ ወደ 25 ማውረድ፣ ከዚያ ጨርሶ መልቀቅ። ሳያቋርጡ በስሱ መርገጥ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሸራው ግን የሚበርድበት ጊዜ ያጣል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ሽታው ከመጣ ሰፊ ቦታ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንጂ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱ ሹፌሮች አሉ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከወጣ ይቆለፋል። ቁጠባውም የለበትም። በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር በማርሽ እየወረደ ነዳጅ ሲለቀቅ ራሱ ነዳጁን ያቋርጣል፤ በዜሮ ሲወርድ ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል።

ደብረ ሲና 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። ቆሎ ሻጮቹ ከበቡን፤ እትዬ ግን ከመግዛታቸው በፊት ወርደው መዳፋቸውን ሳያስነኩ ወደ አራቱም ጎማ አስጠጉ። የፊቶቹ ሞቅ ብለዋል፣ የኋላዎቹ ለብ ብለዋል፣ ሽታ የለም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ሙቀታቸው እኩል መሆኑን ደጋግመው አረጋገጡ። አንዱ ብቻ ቢግል ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው።

ቀለል ያለ ምሳ በልተን፣ ግማሽ ሰዓት አርፈን 7 ሰዓት ላይ ተመለስን። ሽቅቡ በሁለተኛ ማርሽ ነው። ዋሻው 100 ሜትር ሲቀረው እኔ አፌን ሳልከፍት የመብራቱ ማብሪያ ቀጭ አለ። ወደ ታች አየሁ፤ ግራ እግራቸው ከፍሪሲዮኑ ርቆ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል።