ጂዜል የፋብሪካ ልጅ ስትሆን

ለንደን ውስጥ ማታ ማታ ቲያትር ቤት እሠራለሁ። በር ላይ ትኬት አያለሁ፣ ሰዉን ቦታ ቦታው አስቀምጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ተደግፌ በነፃ አያለሁ። የሥራው ጥቅም ይሄ ነው፣ ደሞዙማ ያው ነው።

ባሌት፣ ያ በጣት ጫፍ ቆመው የሚወዛወዙት የአውሮፓ ውዝዋዜ፣ ሲኖር አዳራሹ በሽበት ይሞላል። ስዋን ሌክ የሚባለው ባሌት ላይ ጥቁር የለበሰችው በአንድ እግሯ 32 ጊዜ ስትሽከረከር ሁሉም ያጨበጭባል። እኔም አጨበጭባለሁ። ግን ሰርከስም ላይ አጨበጭባለሁ።

ወጣት ተመልካች እንደሚያስፈልጋቸው የባሌት ቡድኖቹም ያውቁታል። አንዱ ሙዚቃውን ይቀይራል፣ አንዱ ለተወዛዋዦቹ ጂንስ ያለብሳል፣ ሌላው በሲኒማ ቤት በቀጥታ ያስተላልፋል። የሲኒማው ደግ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል። ጂንሱ ግን አይገባኝም። እኔም ጂንስ እለብሳለሁ፣ እና ምን ይጠበስ?

እኔን የያዘኝ የውዝዋዜ አዘጋጁ የአክራም ካን ጂዜል የሚባለው ባሌት ነው። ካን እዚሁ ለንደን የተወለደ የባንግላዴሽ ስደተኞች ልጅ ነው። ከልጅነቱ ካታክ የሚባለውን የሕንድ ጥንታዊ ውዝዋዜ ተምሯል። ጂዜልን እንደ አዲስ እንዲሠራው የጋበዘው ኢንግሊሽ ናሽናል ባሌት የሚባለው ቡድን ነው። ሥራው በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የታየው ማንቸስተር ላይ ነበር፣ የጥጥ ፋብሪካ ባቆማት ከተማ።

የድሮው ጂዜል ፓሪስ ላይ በ1841 የወጣ ነው። አንድ የመኳንንት ልጅ ተራ ሰው መስሎ የገጠር ልጅ ያፈቅራል። እጮኛ እንዳለው ስታውቅ አእምሮዋን ስታ ትሞታለች። ከዚያ ሳይዳሩ የሞቱ ልጃገረዶች መናፍስት በሌሊት ወጥተው ያገኙትን ወንድ እስኪሞት ያስጨፍሩታል።

ካን ይህን አልጣለም። ገበሬዎቹን ሥራ ያጡ የልብስ ፋብሪካ ስደተኞች አደረጋቸው። መድረኩ ላይ ግዙፍ ግንብ አለ፣ ከወዲህ ሠራተኞቹ፣ ከወዲያ ባለፋብሪካዎቹ። ግንቡ ሲዞር ጌቶቹ ለመራመድ እንኳ የሚያስቸግር ልብስ ለብሰው ብቅ ይላሉ፤ ሠራተኞቹም ይጨፍሩላቸዋል። ሁለተኛው ክፍል ላይ መናፍስቱ ያቺው ፋብሪካ የበላቻቸው ሴቶች ናቸው። ረጃጅም ዘንግ ይዘው በጣታቸው ጫፍ ቆመው ይመጣሉ። በጣት ጫፍ መቆም ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ ገባኝ። ሙት መሬት አይረግጥም።

የአክስቴ ልጅ አገር ቤት ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ አሁን ዱባይ ሰው ቤት ናት። ዩቲዩብ ላይ ያለውን ቁራጭ ላክሁላት። ታሪኩን ሳልነግራት፣ “እነዚህ የስፌት መኪና ላይ የዋሉ ናቸው” አለችኝ። ከእጃቸው ነው ያወቀችው።

ኢንግሊሽ ናሽናል ባሌት የድሮውንም አልተወውም። ሜሪ ስኪፒንግ ያዘጋጀችውን ጥንታዊውን ጂዜል ወዲያው በ2017 እ.ኤ.አ. ጥር እዚሁ ለንደን ኮሊሲየም ቲያትር ላይ አቀረበው። ገንዘቤን ከፍዬ ገባሁ፣ ያውም ጣራ ሥር ርካሹ ወንበር ላይ። መኳንንቱ ከአደን ሲመለሱ ልዕልት ባቲልድ ጂዜል ቤት ደጅ ትቀመጣለች። ጂዜል ከኋላዋ ተንበርክካ የቀሚሷን ጫፍ ትዳስሳለች። ባቲልድ ዞር ብላ ሥራሽ ምንድን ነው ብላ በምልክት ትጠይቃታለች። ጂዜልም በእጇ ታሳያታለች፤ ትፈትላለች፣ ትሰፋለች።

እንግዲህ ካን ፋብሪካውን ከሌላ ቦታ አላመጣውም። ልጅቷ ድሮም ጨርቅ ሠሪ ነበረች። ባሌትን ለዛሬ ሰው እናቅርብ የሚሉ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ቆፍረው ቢያዩ ጂንሱን መግዛት ባላስፈለጋቸው።

ለአክስቴ ልጅ ይህንንም ነገርኳት። ባቲልድ በልጅቷ ደስ ተሰኝታ የአንገት ሐብሏን አውልቃ እንደምታጠልቅላት ስደርስ አቋረጠችኝ።

“ሐብል ምን ያደርግላታል አንቺ? የሰፋችበትን አትከፍላትም?”