ስፒዮን ኮፕን በካርቶን፦ የአምስት ወር ጉዞዬ

የቦርና የእንግሊዝን ጦርነት ማጥናት ከጀመርኩ አምስት ወር ሞላኝ። ቦሮች በደቡብ አፍሪካ የሰፈሩ፣ ዘራቸው በአብዛኛው ከሆላንድ የሆነ ገበሬዎች ናቸው። መነሻዬ ኳስ ነው። የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ፤ «ኮፕ» እያልኩ አድጌ ስሙ ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር። ለካ ስፒዮን ኮፕ የሚባል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ ያለ የጦር ሜዳ ኮረብታ ነው። እዚያ ካለቁት የእንግሊዝ ወታደሮች ብዙዎቹ ሊቨርፑል ያኔ ትገኝበት የነበረው የላንክሻየር ልጆች ነበሩ። በ1906 የተሠራው የአንፊልድ ደጋፊዎች መቆሚያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆች ነው።)

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የአዛዦችን ስም በመሸምደድ አለቁ። ከእንግሊዝ ቡለር፣ ሜቱዌን፣ ጋታከር። ከቦር ሉዊስ ቦታ፣ ክሮንዬ፣ ደ ላ ሬይ፣ ደ ዌት። በዲሴምበር 1899 እንግሊዞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ስቶርምበርግ፣ ማገርስፎንቴይንና ኮሌንሶ ላይ ሦስቴ ተሸነፉ። ይህን በቃሌ እወጣዋለሁ። ለምን ተሸነፉ ብትሉኝ ግን መልስ አልነበረኝም።

ማገርስፎንቴይን ዓይኔን ገለጠልኝ። ደ ላ ሬይ ምሽጉ ኮረብታው አናት ላይ ሳይሆን ግርጌው ላይ ይቆፈር ብሎ ተከራከረ። እንግሊዞች ዋዜማውን ባዶውን ኮረብታ በመድፍ ሲደበድቡ ዋሉ። ሌሊት የስኮትላንድ ብርጌድ ተጠጋግቶ ገሰገሰ። ጎህ ሲቀድ ተኩሱ ባላሰቡት በኩል፣ ከግርጌው መጣ። ጄኔራላቸው ዎኮፕ ወዲያው ወደቀ። መሬቱን ሳላውቅ አዛዡን ላውቀው እንደማልችል ያኔ ገባኝ።

ስለዚህ ስፒዮን ኮፕን ልሥራው አልኩ። የካርታውን የከፍታ መስመሮች ካርቶን ላይ ገልብጬ፣ ቆርጬ፣ በኮላ ደራረብኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ቦሮች ከያዟቸው ጉብታዎች ወደ እንግሊዞች ምሽግ ክር ወጠርኩ። ክሩ ምንም ሳይነካው ቀጥ ብሎ ምሽጉ ውስጥ ገባ። እጄን ክሩ ላይ እንዳደረግኩ ብዙ ቆየሁ።

እንግሊዞች ኮረብታውን የያዙት በጃንዋሪ 1900፣ በሌሊትና በጉም ነው። መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ ምሽጉ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም ነበር። ጉሙ ሲገለጥ የቆፈሩት ጠርዙ ላይ ሳይሆን ገባ ብሎ መሆኑን አዩ። ቁልቁለቱ አይታያቸውም፤ እነሱ ግን ከሦስት አቅጣጫ ይታያሉ። አዛዡ ውድጌት በጠዋት ተመታ። ቡለር ሶርኒክሮፍት የተባለው መኮንን ይተካው ብሎ አዘዘ፤ እዚያው ኮረብታ ላይ የነበረው ጄኔራል ኮክ ግን ይህን አልሰማም። አንድ ኮረብታ፣ ሁለት አዛዥ! ቁስለኞችን በቃሬዛ ካወረዱት መካከል የጋንዲ የሕንዶች አምቡላንስ ጓድ ነበረበት።

ሲመሽ ሶርኒክሮፍት ሰዎቹን ይዞ ወረደ። አብዛኞቹ ቦሮችም ተስፋ ቆርጠው ኮረብታውን ለቀው ነበር። የቦሩ አዛዥ ሉዊስ ቦታ ነው ሌሊቱን ሙሉ እየለመነ የመለሳቸው። ሲነጋ አናቱን ባዶ አገኙት። 243 ገደማ እንግሊዞች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ የተቀበሩት እዚያው በቆፈሩት ምሽግ ውስጥ ነው። ካርቶኑ ላይ ያንን ምሽግ በነጭ ቀለም ቀባሁት።

አሁን ፓርደበርግን ጀምሬያለሁ። ክሮንዬ ሞደር ወንዝ ዳር ተከቦ በፌብሩዋሪ 27፣ 1900 ከ4,000 ያህል ሰው ጋር እጁን የሰጠበት ነው። ቦሮቹ የተጠለሉበትን የወንዝ ዳር ገደል በካርቶን ማሳየት አቅቶኛል። ጭቃ ወይም ጄሶ የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።