«ትልቁ ጎሪላ»

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ፍራንከንስታይን የሚባለውን የጭራቅ ፊልም አየሁ። አዲሶቹን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የኤዲሰን ኩባንያ የሠራውን። ድምፅ የለውም። ርዝመቱ ሩብ ሰዓት እንኳን አይሞላም።

ጭራቁ የሚፈጠርበት ቦታ ስደርስ ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ትልቅ ጋን ውስጥ እሳትና ጭስ ይታያል። መጀመሪያ አጽም ብቅ ይላል፤ ሥጋው ቀስ እያለ ይለጠፍበታል፤ አንድ ክንድ ብቻውን ይወዛወዛል። ዘዴው ቀላል ነው። አሻንጉሊት አቃጥለው ቀረጹና ፊልሙን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጫወቱት። ሲነድ የነበረው ነገር ሲወለድ ታየ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት እንኳን ሰውነቴን ወረረኝ።

ይህ ፊልም ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል ይባል ነበር። ያኔ ፊልም ከሲኒማ ቤት ከወረደ ዋጋ አልነበረውም። ይጣላል፣ ይበሰብሳል፣ ይቃጠላል። አንዲት ቅጂ ግን አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ አሎይስ ዴትላፍ የሚባል ሰብሳቢ እጅ ገብታ ነበር። ብርቅ መሆኗን ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ስብስቡ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገባ፤ ፊልሙም ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሁሉም በነፃ ተለቀቀ።

ሰውየው ስለሳሳላት ተረፈች። ግን እሱ ቤት እያለች ስንት ሰው ሳያያት አለፈ? ይሄ ነው ሲከነክነኝ ያደረው።

ኢንተርኔት ላይ ፊልም የሚያስቀምጡ የጭራቅ ፊልም አፍቃሪዎችን የምወዳቸው ለዚህ ነው። ጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር ሉዊጂ ኮዚ እ.ኤ.አ. በ1977 ጎድዚላ የሚባለውን ጥቁርና ነጭ የጃፓን የጭራቅ ፊልም ቀለም ቀብቶ፣ የጦርነት ምስሎች ጨምሮ ለሲኒማ አቅርቦት ነበር። እኔ ያየሁት ከካሴት የተገለበጠ ቅጂ ነው። ምስሉ ደብዝዟል፤ ቀለሙ ፈሷል። ቢሆንም አለ! አንዱ ካሴቱን አልጣለም። ሌላው ወደ ኮምፒውተር ገለበጠው። ሌላው ቁጭ ብሎ ንግግሩን ተረጎመው። ማንም አልከፈላቸውም።

ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ጋሼ ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ሥር የካሴት ካርቶን እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ትልቁ ጎሪላ» ብለው ጽፈውበታል። ልጅ ሆኜ ያየሁት እሱን ነው፤ የትኛው ፊልም እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

«ምን ያደርግልሃል? ዴክ እንኳን የለም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ላስገለብጠው ነው።»

ዝም ብለው አዩኝና ካርቶኑን በሙሉ ሰጡኝ።

በመስኮቷ አሳልፌ ሳየው ሪቦኑ ዳር ላይ ነጭ ሻጋታ አለ። ሳይጸዳ ከተጫወተ ሪቦኑም ዴኩም ይበላሻል። ቅዳሜ የሚሠራ ዴክ ያለው ጓደኛዬ ጋ እወስደዋለሁ። እስከዚያ በጋዜጣ ጠቅልዬ መጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ አስቀምጬዋለሁ።